ቁመቱን ያለፈው ክታብ

ጥር ፲፱፻፵፮ ዓ.ም. የእንግሊዝኛው መምህር ማሩ፣ ጎንደር ፒያሳ በተከራየው ክፍል ሞቶ ተገኘ። ቁስል የለበትም፤ አንገቱ ላይ ግን ክታብ ታስሯል። ረፋድ ላይ ግቢው ዱላ በያዘ ሰው ተሞላ። ትናንት ማሰሮ ያደረሰችለት ቤተ እስራኤላዊት ሸክላ ሠሪ አገኘሁሽ ጓዳ ተዘግቶባታል፤ «በቡዳ በላችው» ተብሎ።

የፖሊሱ መቶ አለቃ ዳኜ ሕዝቡን በግድ አልፎ ገባና አከራይቱን ጠየቀ።

«ምነው እመት ወለተሩፋኤል፣ በምን አወቃችሁ?»

«ትክ ብላ አየችው! ፈርቶ አይደል ክታብ ያሰረ?»

«ከዚያ በፊት አስሮ ያውቃል?»

«ኧረ ወዲያ! በክታባችን ሲስቅብን የሚውል ሰው።»

ዳኜ የሟቹን ከንፈር ገለጠ። ውስጡ ቆስሏል፤ ጥርሱ ላይ የትራስ ጥጥ ተጣብቋል። ቡዳ ደግሞ ትራስ ምን ያደርግለታል? የክታቡን ብራና ፈትቶ ከሬሳው ጎን ዘረጋውና መልሶ ጠቀለለው።

የማሩ ባልደረባ መምህር ሰጠኝ ጎንበስ ብሎ በበሩ ገባ፤ ቁመቱ ለበሩ አይመችም። የእንግሊዝኛ የአስማት ቃላት ከነአገባባቸው የተፈቱበትን ደብተር ይዟል። የደብተሩ ጸሐፊ በዚህ ሥራው እንግሊዝ አገር ለትምህርት ሊላክ ነው።

«ይህ የእኔ የድካም ፍሬ ነው» አለ ሰጠኝ ደብተሩን ለዳኜ እየሰጠ።

ዳኜ አገኘሁሽን ከጓዳ አስወጥቶ ከአከራይቱና ከሰጠኝ ጋር ሬሳው ፊት አቆማት።

«መምህር፣ ስፔል ምንድን ነው?»

«በአፍ የሚደገም።»

«ከርስስ?»

«እርግማን።»

«ቻርምስ?»

«ክፉ እንዳይቀርብ የሚንጠለጠል፤ እንደ ክታብ ያለ።»

«ሸጋ። ቀጥሎ ያለውን ግን አላነበቡትም።» ከደብተሩ አነበበ፦ «‹የእንግሊዙ ለማንም ይሆናል። የእኛ ክታብ ግን ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቅ፣ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይቆረጣል።› ይኼን የጻፈ ሰው የራሱን ክታብ በአጭር ሬሳ ላይ አያስርም። ብራናው ማሩን በክንድ ይበልጠዋል፤ ሁለቱ ሴቶችም ከማሩ ያጥራሉ። እስቲ ቀና ይበሉ መምህር።»

ብራናው ከሰጠኝ አናት ተነሥቶ ተረከዙ ላይ አበቃ። ወደ መስኮቱ ብርሃን ሲይዙትም፣ ተፍቆ «ማሩ» ከተጻፈበት ሥር የሰጠኝ የክርስትና ስም ወልደ ገብርኤል ደብዝዞ ተነበበ።

ሰጠኝ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። «ደብተሩን አብረን ነበር የጀመርነው» አለ እያለቀሰ። «ማሩ ግን የራሱን ስም ብቻ ሊጽፍበት ነበር።»

ደጅ ያለው ሕዝብ ሰማ። «ለካ ቡዳው እሱ ኖሯል!» ብሎ ጮኸ።

«እንዲያ አትበሉ» አለች አገኘሁሽ። «የገደለው ሰው ነው። እንደናንተው ያለ ሰው።»

መንገድ የለቀቀላት አልነበረም። ዳኜ ከፊት ከፊቷ እየሄደ አሳለፋት።