ትኩሱ ሞተር

ወለላ መዳፏን ሞተሩ ላይ እንዳሳረፈች መልሳ አነሳችው። ይፋጃል። ዙሪያዋን ቃኘች፤ ያያት ሰው የለም። አባቷ አቶ ኃይለመስቀል ከሻጩ ከግዛቸው ጋር ደጃፉ ላይ ቆመው ሻይ ይጠጣሉ። ግዛቸው ገና በር ሲከፍትላቸው፣ «ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አላስነሳኋትም፤ ለእናንተ ብዬ ነው ያቆየኋት» ብሏቸው ነበር።

ባለአራት እግሯ ሞተር አሰላ ዳር በሚገኘው የግዛቸው ግቢ፣ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር ቆማለች። ቀይ ናት። ጎማዎቿ ወፋፍራም ናቸው፤ ከኋላዋ ወተትም ውሃም ገብስም የሚችል የብረት መጫኛ አላት። ቀድሞ አንድ ፕሮጀክት ይገለገልባት ነበር። ፕሮጀክቱ ሲዘጋ በጨረታ ተሸጠችና ከእጅ ወደ እጅ ዞራ ግዛቸው ዘንድ ደረሰች። ወለላ ፎቶዋ በስልክ ከተላከላት ቀን ጀምሮ በሐሳቧ የአገሯን የዲክሲስን ዳገት ስታወጣት ስታወርዳት ከርማለች።

እውነቱን ለመናገር ግን፣ ሞተሯን የፈለገቻት ልትነዳት ሳይሆን ትታት ልትሄድ ነው። ከዲክሲስ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው ግቢያቸው ከእሷና ከአባቷ በቀር ሰው የለም። እናቷ ካረፈች ወዲህ ወተቱን ወደ መሰብሰቢያው የምታደርሰው፣ ውሃውን ከምንጭ የምታመጣው እሷ ናት። ዳማ የሚባለው ፈረሳቸው አርጅቷል። አባቷም ክረምት ላይ ጭቃ አዳልጧቸው ጉልበታቸውን ከተጎዱ ጀምሮ ሸክም አይችሉም። አምና ዘጠነኛ ክፍል ተመዝግባ ነበር፤ ወተቱን አድርሳ ስትገባ ግን የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አልቆ ይጠብቃታል፣ አንዳንዴም ሁለተኛው። ማርፈዱ መቅረትን አመጣ፤ መቅረቱም ማቋረጥን።

ዘንድሮ አባቷ፣ «ሸክሙን የሚችል ነገር ከገዛን አሰላ አክስትሽ አሰፋሽ ጋ ሆነሽ ትማሪያለሽ» አሏት። አቶ ኃይለመስቀል ብዙ አይናገሩም፤ ከተናገሩ ግን ቃላቸውን አይበሉም።

ዝምታ ወርቅ ነው የሚሉት እውነት ቢሆን ኖሮ የእነ ወለላ ቤት የዲክሲስ ቱጃር ቤት ይሆን ነበር። አባቷ ከእሷ ይልቅ ከዳማ ጋር ያወራሉ፤ እሱንም በኦሮምኛ። ና፣ ና ለማለት «ኮቱ፣ ኮቱ» እያሉ ሲያባብሉት ከጓዳ ትሰማቸዋለች። ገበታ ላይ የሚያወራው ሬዲዮኑ ብቻ ነው። ጓደኛዋ መክሊት እያለች እንዲህ አልነበረም። የመክሊት እናት ነርስ ናቸው፤ ወደ አሰላ ሲዛወሩ ልጃቸውንም ይዘው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ወለላ ከሰው ጋር አንድ ቃል ሳትለዋወጥ የምትውልበት ቀን በዛ። አንዳንዴ የራሷን ድምፅ ለመስማት ብላ ብቻ ላሞቹን ትቆጣለች።

ስልኳ ነዘረ። መክሊት ናት። «እና? ተመቸቻችሁ? አቦ ፍጠኑ፣ ምዝገባው እኮ ነገ ያልቃል። አጠገቤ ቦታ ይዤልሻለሁ።»

ወለላ «ቆንጆ ናት» ብላ ጻፈች። ሳትልከው መልሳ አጠፋችው።

ግዛቸው ለምን እንደዋሸ ለመረዳት መካኒክ መሆን አላስፈለጋትም፤ የአባቷ ልጅ መሆኗ በቂ ነው። አቶ ኃይለመስቀል በፈረስ ዐዋቂነታቸው የታወቁ ናቸው። ከሩቁ ጮሌ ከተማ ሳይቀር «ፈረስ እዩልን» ብሎ የሚመጣ ሰው አለ። ወለላ ከልጅነቷ ጀምሮ እየሰማችው ያደገችው ምክርም ይኸው ነው፦ «ላቡ ያልደረቀ ፈረስ አትግዢ። ተራጋጩንና ተናካሹን ሲያስጋልቡት ቆይተው አድክመው ነው ገበያ የሚያወጡት። የደከመ ፈረስ ሁሉ ጨዋ ነው።»

የግዛቸውም ዘዴ ያው ነው። ሞተሯ ብርድ ላይ አልነሳም ስለምትል፣ እነሱ ሳይደርሱ ታግሎ አስነስቷት፣ አሙቆ አጥፍቷታል። ገዢ ፊት በቀላሉ ትነሳለች፤ ጣጣው ገዢው ቤት ነው።

«በሉ ጋሽ ኃይለመስቀል፣ ይሞክሯት» አለ ግዛቸው ብርጭቆውን እያስቀመጠ።

አባቷ እንደ ልማዳቸው በግራ በኩል ዞረው ቀረቧት። ጎንበስ ብለው ጎኗን ዳበሱ፣ ጎማዎቿን ጫን ጫን አደረጉ፣ ፍሬኗን ነካኩ። ከዚያ ልክ ዳማ ላይ እንደሚወጡት እግራቸውን አሻግረው ተቀመጡ። ግዛቸው ቁልፉን ጠመዘዘላቸው፤ ሞተሯም ወዲያው ተነሳች።

«አያችሁ? በአንድ ቁልፍ» አለ።

አቶ ኃይለመስቀል ጀርባቸውን ቀጥ አድርገው፣ ኮስተር ብለው ግቢውን ዞሩ። ለመታጠፍ ጉልበታቸውን ጎኗ ላይ ጫን ሲያደርጉ ሌላ ቀን ቢሆን ወለላ በሳቅ ትፈርስ ነበር። አሁን ግን ሳቁ አልመጣላትም። ወረዱና አቧራቸውን አራገፉ።

«ጥሩ ናት» አሉ። «እንዋዋል።»

ግዛቸው ምስክር የሚሆን ጎረቤት ሊጠራ ወጣ። አባትና ልጅ ብቻቸውን ቀሩ።

በአፍ ይጠፉ፣ በለፈለፉ ይባላል። ወለላ አሁን ዝም ብትል ነገ ትመዘገባለች። መክሊት አጠገብ ትቀመጣለች። አክስቷ አሰፋሽ ቤት ደግሞ ከእራት በኋላ እንኳ የማያልቅ ወሬ አለ። ሞተሯ ብታስቸግርም የምታስቸግረው እሷ ከሄደች በኋላ ነው፤ ማንም «አውቀሽ ነበር» አይላትም።

ከሄደች በኋላ። የኅዳር ውርጭ ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ ታያት። አባቷ ጀሪካኖቹን ጭነው ቁልፉን ይጠመዝዛሉ። ደግመው ይጠመዝዛሉ። ቀና ብለው የሚያግዛቸው ሰው ካለ ብለው ወደ መንገዱ ያያሉ። ያንን መንገድ ወለላ ታውቀዋለች፤ እሷም ስንት ጊዜ ሰው ጠብቃበታለች፣ የሚመጣ ግን የለም።

«አባባ።»

«ምነው?»

«ስንመጣ ሞተሩ ትኩስ ነበር። ነክቼዋለሁ። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አላስነሳኋትም ያለው ውሸቱን ነው።»

አቶ ኃይለመስቀል ፊታቸው አልተለወጠም። ዓይናቸውን ከሞተሯ ሳያነሱ፣ «እኔም ነክቼዋለሁ» አሉ።

ወለላ የሰማችውን አላመነችም። «ታዲያ ለምን እንዋዋል አሉ?»

«ምዝገባው ነገ ያልቃል አላልሽኝም?»

አንድ ጊዜ ብቻ ነበር ያለችው። ያውም እራት ላይ፣ ሬዲዮኑ እየጮኸ። የሰሟት አልመሰላትም ነበር። እንባዋ መጣ፤ ወደ አጥሩ ዞር ብላ መለሰችው።

«ጠዋት አልነሳ ብትልዎትስ?»

«ፀሐይ ሲሞቃት ትነሳ ይሆናል። ዳማም ዘንድሮ እንደዚያው ሆኗል።» ትንሽ ፈገግ አሉ። «እኔም ብሆን።»

ግዛቸው ጎረቤቱን አስከትሎ ተመለሰ። ወለላ ከአባቷ ቀድማ ተናገረች።

«ጋሼ፣ ዛሬ አንዋዋልም። አክስቴ ጋ አድረን ነገ በማለዳ እንመጣለን። ቀዝቅዛ እያለች እኛው እናስነሳታለን።»

ግዛቸው ሳቅ አለ። «አንቺ ልጅ መካኒክ ነሽ እንዴ?» ከዚያ ወደ አባቷ ዞረ። «ጋሽ ኃይለመስቀል፣ የልጅ ነገር ይሰማሉ? እኔ እስከ ነገ አልጠብቅም። ከሰዓት ከኦጎልቾ የሚመጣ ገዢ አለኝ።»

አቶ ኃይለመስቀል ባርኔጣቸውን ደፉ። «እንግዲያው እሱ አያምልጥህ» አሉና ወደ በሩ አመሩ።

ቁልቁለቱን ወረዱ። ወለላ ከተናገረች በኋላ ቅልል የሚላት መስሏት ነበር፤ አልቀለላትም። ሞተሯ ቀረች፤ ከእሷም ጋር ሌላው ሁሉ የቀረ መሰላት። ስልኳ ኪሷ ውስጥ ደጋግሞ ነዘረ፤ አላወጣችውም።

አስፋልቱ ጋ ሲደርሱ አባቷ ቆመው ጉልበታቸውን አሹ።

«ወተቱን የሚያደርስልኝ ሰው እፈልጋለሁ» አሉ። «ካጣሁም ላሞቹን እሸጥና አንዷን አስቀራለሁ። ለአንድ ሰው ምን ያህል ወተት ያስፈልጋል?»

አንድ ሰው የሚለው ቃል ወለላን ወጋት። ቀና ብላ አየቻቸው፤ እሳቸው ግን መንገዱን ነበር የሚያዩት።

«ትምህርት ቤቱ በየት በኩል ነው?»

ይህን የከተማውን ክፍል አያውቁትም። መናኸሪያው በቀኝ፣ ቁልቁል ነው፤ የዲክሲስ ሚኒባስ እዚያ እየጮኸ ይጭናል። ትምህርት ቤቱ በግራ፣ ዳገቱ ላይ ነው። በቀኝ ብትጠቁማቸው ምንም ሳይጠይቁ ይከተሏታል፤ ከመምሸቱ በፊት ቤት ይደርሳሉ፤ ነገም ሁለቱም እንደ ወትሮው ላሞቹን ለማለብ ይነሳሉ። ወለላ ቆማ ሁለቱንም መንገድ አየች።

«በግራ ነው፣ አባባ» አለች። ዳገቱን ቀስ ብላ፣ በእሳቸው እርምጃ ልክ መውጣት ጀመረች።