ለንቦቹ የተነገረው ወሬ

በቴዝልፎርድ መንደር ለንብ አይዋሽም። ልጅ ሲወለድ፣ ሰው ሲሞት፣ ሰርግ ሲኖር ባለቀፎው የቤቱን ቁልፍ ይዞ ይወጣና ቀፎውን በቁልፉ ሦስት ጊዜ አንኳኩቶ ወሬውን ለንቦቹ ይነግራቸዋል። ካልነገሯቸው ወይም ከዋሿቸው አኩርፈው ጥለው ይሄዳሉ።

ዳቦ ጋጋሪው ኤድዊን ይህን ሕግ የጣሰው በስምንት ዓመቱ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ለማንም ትንፍሽ አላለም።

አሁን ግን ጎረቤቱ ሚስተር ታክዌል እርጅና ተጫጭኗቸው፣ ቤታቸውን ሸጠው በባሕር ጠረፍ ወደምትኖረው ልጃቸው ሊሄዱ ነው። እሳቸው ጋ ያደገችው የልጅ ልጃቸው መርየል ዕቃ ልትሸክፍ ከለንደን መጥታለች፤ ቅዳሜ ትመለሳለች። ከዚያ ወዲያ ወደ ቴዝልፎርድ የሚያመጣት ምንም ነገር የለም። ኤድዊን ይህን እያሰበ ሦስት ቀን ሙሉ ዳቦ ሲያሳርር ከረመ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ያላረረውን መርጦ ይዞላት ሄደ። አያትየው የአተር ሳህን ጭናቸው ላይ እንዳለ፣ በተከፈተው መስኮት አጠገብ አንቀላፍተዋል። መርየል ጓሮ ቀፎዎቹ ዘንድ ቆማለች።

«ኤዲ፣ እነዚህን አንተ ውሰዳቸው። አያቴ ከኤድዊን ሌላ ለማንም አልሰጥም ብለዋል።»

«አልችልም።»

«ፈራህ እንዴ? የቄሱን ፖም ስንሰርቅ ቁምጣህ አጥር ላይ ተሰቅሎ ሲቀር እንኳ ያልፈራኸው ሰውዬ?»

«ቁምጣዬን ተይው።»

«ታዲያ ምን ሆነህ ነው?»

«ዋሽቻቸዋለሁ።»

«ማንን?»

«ንቦቹን።»

ልትስቅ ነበር፤ ፊቱን ስታይ ተወችው። እሷም እዚሁ ነው ያደገችው። የተደፋው ባልዲ ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀችው።

ኤድዊን ጣቱ ላይ የደረቀውን ሊጥ እየፋቀ ጀመረ። «አፍንጫሽን የነደፉሽ ቀን ትዝ ይልሻል?»

«አንተ ነህ ያለቀስከው። እኔ ስቄ ነበር።»

«አያትሽ ሲተኙ ቁልፉን ከኪሳቸው አወጣሁና አንኳኳሁ። ‹ሁለተኛ እንዳትነድፏት፤ ሚስቴ ናት፤ ትናንት ተጋብተናል› አልኳቸው።»

መርየል ከአንገቷ እስከ ጆሮዋ ቀላች። ንቦቹ በመሃላቸው እየገቡ እየወጡ ሥራቸውን ይሠራሉ። ኤድዊን መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው።

«ከዚያ ወዲህ ነድፈውሽ ያውቃሉ?» አለ ኤድዊን።

አሰበችና ራሷን ነቀነቀች። «አንድም ቀን አልነደፉኝም።»

«እኔ ግን ጠዋት ጠዋት ዳቦ ሳዞር ሄደው እንደሆነ ሳላይ አላልፍም።»

«ያን ቀን አልተኛሁም ነበር» የሚል ድምፅ ከመስኮቱ መጣ። ሚስተር ታክዌል ዓይናቸውን እንኳ አልገለጡም። «በማግስቱ ወጥቼ፣ ልጁ ትንሽ ቸኩሎ ነው፣ ታገሱት አልኳቸው። አሥራ ስምንት ዓመት ያስታግሳቸዋል ብዬ ግን መች ገመትኩ።»

መርየል እስክታነባ ሳቀች። ዓይኗን ጠርጋ ስታበቃ ግን ሳቁ ከፊቷ ጠፋ።

«እውነቱን ንገረኝ፣ ኤዲ። እንዳይነድፉኝ ብለህ ብቻ ነው?»

«ያኔ እንዳይነድፉሽ ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁን እውነት እንዲሆን ነው የምፈልገው። አንቺ ለንደን ከሄድሽ ጀምሮ ሌላ የተመኘሁት ነገር የለም።»

አተኩራ አየችው። ከዚያ ተነስታ በመስኮቱ እጇን አስገባችና ከአያቷ ኪስ ቁልፉን አወጣች። ሚስተር ታክዌል አሁንም ተኝተዋል፤ ከንፈራቸው ብቻ ፈገግ ብሏል።

ቀፎውን ሦስት ጊዜ አንኳኳች።

«ኤድዊን አልዋሸም» አለቻቸው። «ቀኑን ነው የተሳሳተው።»