ዳገት የምትፈራው መኪና

መኪናዋ ቀጥ ያለችው ዳገቱ መሃል ላይ፣ ባለ ሦስት ፎቅ የሠርግ ኬክ ከኋላ ወንበር አስቀምጣ ነው። መጀመሪያ እንደ ማስነጠስ አደረጋት። ቀጥሎ ነዳጅ ሲሰጧት በመፍጠን ፈንታ ትጎተት ጀመር። በመጨረሻ ሞተሩ ጭራሽ ዝም አለ። ኬክ ሠሪዋ የእጅ ፍሬኑን ሳበችና ዞር ብላ አየች፤ መንገዱን ሳይሆን ኬኩን። የላይኛው ፎቅ ትንሽ ዘመም ብሏል።

ከኋላዋ ያለው መኪና ክላክሱን ያንባርቀዋል።

«ምን ላድርግህ? ተሸክሜያት ልውጣ?» አለች አንገቷን በመስኮት አውጥታ።

ክላክሱ ቆመ። ከመኪናው ቀጠን ያለ ወጣት ወረደ። የልብስ ሰፊ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ረስቶት ነው የወጣው።

«ይቅርታ እህቴ፤ ሙሽራው ያለ ኮት ቆሞ እየጠበቀኝ ነው» አለ። ከዚያ በመስኮቱ አሻግሮ ኬኩን አየ። «ይሄስ ለማን ነው?»

«ኮት ለሌለው ሙሽራ ሳይሆን አይቀርም» አለች።

አዳራሹን ተጠያየቁ፤ አንድ ነው። መሳቅ የሌለባቸው ሰዓት ነበር፤ ሁለቱም ሳቁ። መኪናዋን በፍሬን እየያዙ ወደ ኋላ አንሸራተው ዳር አስያዟትና ኬኩን ወደሱ መኪና አዛወሩት። የሱም መኪና ያችኑ የመሰለች አሮጌ ናት፤ ቀለሟ ብቻ ይለያል።

«አንቺ ንጂ፤ እኔ ኬኩን ልያዝ። እጄ የረጋ ነው» አላት።

«መኪናህን ለማታውቃት ሴት?»

«አንቺስ ኬክሽን ለማታውቂው ሰው እየሰጠሽ አይደል?»

እሱ ከኋላ ኬኩን እንደ ሕፃን አቅፎ፣ እሷ ጉድጓዱን እየሸሸች ሄዱ። መንገዱን ሙሉ ያወራው ስለ መኪና ነው። የሱም እንደዚሁ ጉልበቷ ድንገት እየከዳት ስታሰቃየው ከርማለች። አንዴ መስቀለኛ መንገድ መሃል ጠፍታበት፣ ሊቀጣው የመጣው ትራፊክ ፖሊስ ራሱ ገፍቶለታል። በስተመጨረሻ ለሞተሩ እሳት የሚያደርሰው የካንዴላ ገመድ ሆኖ ተገኘ።

«ያንቺም እሱ ይሆናል» አለ።

ኬኩ በሰላም ደረሰ። ልብስ ሰፊው ሙሽራውን ኮት ሲያለብስ አገጩ ላይ ነጭ ክሬም ነበረበት። እሷ አይታዋለች፤ አልነገረችውም። ነገሩ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው መሐረብ የሰጠችው።

«ለምን ቶሎ አልነገርሽኝም?»

«ያምርብህ ነበራ» አለችው፤ ካለች በኋላ ደነገጠች።

የመኪናዋ በሽታ ግን የካንዴላ ገመድ አልነበረም። ሰፈሩ ሁሉ «ዶክተር» የሚለው መካኒክ ገመዱን ቀየረ፤ መኪናዋ በሳምንቱ ደግማ ጠፋች። ጋራዥ ስትገባ ግን እንደሷ ጨዋ የለም። ዶክተር ይዟት ይወጣል፣ ዳገቱን በሦስተኛ ማርሽ ሽቅብ ይፈተልካል፣ ተመልሶ ይመጣል።

«ምንም የላት፣ እህት ዓለም። እኔ ፊት ካልታመመች ምኗን ልፍታ? ስትጠፋ ደውዪልኝ፤ ያለችበት እመጣለሁ።»

በዚህ ላይ አባቷ አሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከባድ መኪና የነዱ፣ አሁን ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሎ ቤት የዋሉ ሰው ናቸው። ልጃቸው በወጣች ቁጥር መስኮቱ ሥር ተቀምጠው የሞተር ድምፅ ይጠብቃሉ።

«ያለችኝ አንድ ልጅ ናት፤ ዳገት ላይ አላስቀራትም። ትሸጥ!» አሉ አንድ ቀን።

«አባዬ፣ ኬኩን በምን ላድርስ? በጀርባዬ?»

ልብስ ሰፊው በዚያን ቀን የአባትየውን ሱሪ ሊያደርስ መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሱሪውን ለማሳጠር የሰጠችው ራሷ ናት፤ ሱሪው ማጠር ያስፈልገው አያስፈልገው ሌላ ጉዳይ ነው።

«አባባ፣ ካልከፋዎት በሽታዋ እስኪታወቅ ድረስ ኬክ ሲኖራት አብሬያት ልሂድ» አለ። «የኔዋ ስትታመም ድምፅዋን ለምጄዋለሁ። ከመጥፋቷ በፊት እሰማታለሁ።»

አባትየው ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «ተሠርታ እስክትድን ከጎኗ አትለይም?»

«አልለይም።»

«ቃልህ ነው?»

«ቃሌ ነው፣ አባባ።»

እንዲህ ተጀመረ። ከሰዓት በኋላ ሱቁን ይዘጋና ይመጣል። ኬኩን ጭኑ ላይ ያደርጋል፤ ዳገት ሲመጣ ወሬውን አቋርጦ ጆሮውን ወደ ሞተሩ ይጥላል። እሷም ያኔ ሰረቅ አድርጋ ታየዋለች፤ ቅንድቡን ሰብሰብ አድርጎ፣ መኪናዋን ሳይሆን ልቧን የሚያዳምጥ ይመስላታል። ዳገቱ ሲያልቅ ተንፈስ ይልና ወሬውን ካቆመበት ይቀጥላል። ያለ ወሬም የሚሄዱባቸው መንገዶች ነበሩ። ኬክ ሠሪዋ ወደደችው። መቼ እንደጀመራት አታውቅም፤ አንድ ከሰዓት በኋላ ሲዘገይባት ነው ያወቀችው።

አንድ ጠዋት ብቻዋን ዱቄት ልትገዛ ወጥታ መኪናዋ ያው ዳገት ላይ ጠፋች። የነዳጅ መለኪያው መርፌ ከታች ነበር፤ ባዶ ግን አልነበረም። አንድ አላፊ ባለ መኪና ከጄሪካን ነዳጅ ጨመረላት። መኪናዋ ተነሳች፤ ዳገቱንም ምንም እንዳልተፈጠረ ወጣችው። ሌላ ቀን ሆን ብላ ነዳጁን አሳንሳ ሞከረች፤ ጠፋች። ሞላቻት፤ ወጣች።

ገባት። ታንኩ ሥር ቆሻሻ አለ፤ ነዳጁ ሲጎድል ያንን ትስባለች።

በደስታ ስልኳን አወጣች፤ ለልብስ ሰፊው ልትደውል። ጣቷ ቁጥሩ ላይ ቆመ። ብትነግረው ዶክተር ታንኩን በአንድ ከሰዓት ያጥበዋል። አባቷ እፎይ ይላሉ። ልብስ ሰፊውም ወደ መቀሱ ይመለሳል። ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወደ ማደያ ነዳች።

ከዚያ ወዲያ እሱ ከመምጣቱ በፊት ሳትሞላ የዋለችበት ቀን የለም።

«እህቴ፣ ትናንት ሞልተሽ አልነበር?» አላት ነዳጅ ቀጂው።

«እየተነነብኝ ነው መሰለኝ» አለችው ሳታየው።

ልብስ ሰፊውም ግራ ተጋባ። «ይገርማል፤ ዳነች እንዴ?» ይላታል።

«በሽታ ዝም ብሎ ይድናል እንዴ? አድፍጣ ነው» ትለዋለች፤ መሪውን ጨበጥ አድርጋ።

እንዲህ እያሉ ዝናቡ ገባ። በአንድ ጨፍጋጋ ቀን ኬክ ይዘው ሲሄዱ ስልኩ ጠራ። ሁለቱም እጆቹ ተይዘዋል።

«እህቴ ናት። እባክሽ ንኪውና ድምፁን ክፈቺልኝ።»

ከፈተችለት። ችኩል የሴት ድምፅ መኪናውን ሞላው።

«አንተ ልጅ፣ ጠረጴዛህ ባዶውን ተቀምጦ እስከ መቼ? ያቺ መኪና ገና አልተሠራችም?»

«ገና ናት።»

«እንግዲህ እኔም ሥራው በዝቶብኛል። እስከ እሑድ ካልመጣህ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ። ከልጅነትህ ስትመኘው የኖርከውን ሥራ ለአንድ አሮጌ መኪና ብለህ ትተወው?»

«ቃል ገብቻለሁ እኮ። ሰው ዳገት ላይ ጥዬ አልመጣም።»

ስልኩ ተዘጋ። የመስኮት መጥረጊያው ወዲህ ወዲያ ይላል።

«ምን ሥራ ነው?» አለች።

«እህቴ በትልቁ ከተማ ለቲያትር ቤት ልብስ ትሰፋለች። የንጉሥ ካባ፣ የወታደር ልብስ፣ የመልአክ ክንፍ…» ፊቱ በራ፤ ወዲያው ሰበሰበው። «ይደርሳል። ሌላ ጊዜም ይመጣል።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ሂድ ትይኛለሽ ብዬ ነው።»

«ብልህስ?»

እሱ ያልተንሸራተተውን ኬክ አስተካከለው።

በማግስቱ ማደያውን አየት አድርጋ አለፈችው። ከታንኩ የቀዳችውን ነዳጅ በጄሪካን ኋላ ጭናለች። ልብስ ሰፊው ገብቶ ተቀመጠና ባዶ ጭኑን አየ።

«ዛሬ ኬክ የለም?»

«የለም። ዝም ብለን እንሂድ።»

ዳገቱ መሃል ላይ መኪናዋ አስነጠሰች። እሱ ከወንበሩ ብድግ ሊል ምንም አልቀረው። «መጣባት! ሰማሽው? ለዶክተር ልደውል!»

«አትደውል» አለች። ሞተሩ ጠፋ። «ምን እንደሚነካት አውቃለሁ።»

ነገረችው፤ ታንኩን፣ መርፌውን፣ ማደያውን። ስትጨርስ ለዶክተር ሊደውል ያወጣውን ስልክ ኪሱ ከተተ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ዝናቡ ሳይገባ።»

«እኔ እኮ ዳገት በወጣን ቁጥር ልቤ ተንጠልጥላ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ብቻሽን ስትሆኚ ብትጠፋብሽስ እያልኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ። አንቺ ከጎኔ ተቀምጠሽ ይሄን ሁሉ ታያለሽ።»

«አይቻለሁ። እንዳትሄድብኝ ብዬ ነው።»

«ዛሬስ ለምን ነገርሽኝ?»

«እንድትሄድ ነዋ» አለች፤ ድምፅዋ ተሰበረ።

ወርዶ በዝናቡ ነዳጁን ጨመረ። ተመልሶ ሲገባ «ዶክተር ጋ ንጂ» አላት።

ዶክተር ታንኩን አውርዶ ገለበጠው። ዝገትና ጭቃ የመሰለ ነገር ወረደ። «ይሄን ሁሉ ጉድ ይዛ ነው ለካ እኔ ፊት የምትሽኮረመመው!» እያለ ሳቀ። የሳቀው እሱ ብቻ ነበር። ልብስ ሰፊው ዶክተርን ጨበጠው፤ እሷንም ጨበጣት።

«ለአባባ ቃሌን ፈጽሜያለሁ በዪልኝ» አለና ወጣ። ቢቆጣት፣ ቢጮህባት ይሻላት ነበር።

ከእሑድ በፊት ሄደ። መኪናዋ ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አላስነጠሰችም። ኬክ ሠሪዋ ባዶውን ወንበር ከጎኗ ይዛ ዳገቱን ትወጣለች፤ ትወርዳለች። ልትደውልለት ትነሳለች፣ የምትለው ይጠፋታል።

«ምነው ልጄ፣ መኪናዋ ስትድን አንቺ ታመምሽ?» አሉ አባቷ።

ያኔ አለቀሰች፤ እያለቀሰችም ሁሉን ነገረቻቸው። እስክትጨርስ ጠበቋት።

«እና ምን አልሽው?»

«እንዳትሄድብኝ ብዬ ነው አልኩት።»

«ለምን እንዳይሄድብሽ እንደፈለግሽስ ነገርሽው?»

«እሱን… አልነገርኩትም።»

«ታዲያ ዋናው ቀርቷል እኮ!» አሉና በመስኮቱ መኪናዋን አዩ። «ዘይቷን አይተሻል?»

«አይቻለሁ።»

«ውሃዋንስ? ጎማዋን?»

«ደህና ነው፣ አባዬ።»

«እንግዲያው መንገዱ ረጅም ነው፤ በጠዋት ውጪ።»

በጠዋት ወጣች። ከዚያ ቀን በፊት ያን ያህል ርቃ ነድታ አታውቅም። ከትልቁ ከተማ በፊት ያለው ዳገት የሰፈራቸውን ዳገት ብዙ እጥፍ ይሆናል። የነዳጅ መርፌው ወርዶ ነበር፤ ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ ያዘችው። መኪናዋ ድምፅዋ ሳይቆራረጥ ወጣች። እናቱን የሚያስጨንቅ ልጅ ድንገት አድጎ የተገኘ ያህል ገረማት።

የእህትየውን ስፌት ቤት ጠይቃ አገኘችው። ደጁ ላይ ቆማ ሞተሩን ሳታጠፋ በሩ ተከፈተና ልብስ ሰፊው እየሮጠ ወጣ፤ እጅጌው ላይ መርፌና ክር እንደተሰካ ነው። መኪናዋን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ምን ሆነች? የት ጠፋችብሽ?» እያለ ወደ ሞተሩ ጎንበስ አለ።

«የትም አልጠፋችም።»

«ድምፅ ነበራት? ዳገቱን እንዴት ወጣችው?»

«ደህና ወጣችው። ምንም አልሆነችም።»

ቀና አለ። «ታዲያ ምን አመጣሽ?»

መንገዱን ሙሉ ያዘጋጀችው ንግግር ነበራት፤ አንዱም አልታወሳትም።

«ሰበብ የለኝም» አለች። «ኬክም አልያዝኩም፣ መኪናዬም አልታመመችም። ስለምወድህ ነው የመጣሁት። ያን ቀን ልነግርህ ይገባኝ የነበረው ይሄ ነው።»

ዓይን ለዓይን ተያዩ። ከውስጥ የስፌት ማሽን ይሰማል።

«በጣም ተናድጄብሽ ነበር» አለ።

«አውቃለሁ።»

«አሁንም ትንሽ አለ።»

«እሱንም አውቃለሁ።»

«ግን እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ የመኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ሥራዬን ጥዬ ደጅ እወጣለሁ። እህቴ ተማርራለች፤ ወንበርህን መንገድ ላይ አወጣልሃለሁ እያለችኝ ነው» አለ። ድምፁ ከወትሮው ዝቅ ብሎ ነበር። «አንድም ቀን ግን አንቺ አልነበርሽም።»

እጇን ያዘ።

ማሽኑ ቆመና ያ ችኩል ድምፅ ከውስጥ ተጣራ። «አሁን ደግሞ ማነው? መኪና ተበላሽቶበት ነው?»

«አይ» አለ ልብስ ሰፊው፤ ዓይኑን ከፊቷ ሳይነቅል። «ምንም አልተበላሸባትም። ወደ እኔ መጥታ ነው።»