ሠላሳ ስምንት ነጥብ አሥር

ጡረተኛው የባቡር ነጂ ወልደማርያም ለገሃር ባለው ቤቱ አልጋው ላይ ሞቶ ተገኘ። እኩለ ቀን ነበር። ወባ ይዞት ሰንብቷል። ከንፈሩ ደርቆ ተሰንጥቋል፤ የቀኝ እጁ የጣት አንጓዎች ተልጠዋል።

ጮኾ ሰው የጠራው የእንጀራ ልጁ አኒስ ነው። ወዲያው ጣቱን ካልቱን ላይ ቀሰረ። ካልቱን ግድግዳ የምትጋራቸው ተከራይ ናት፤ ጠዋት አብሽ አጠጥታዋለች። መርዛዋለች አለ አኒስ። ሰፈሩ ደግሞ መቼ አፍ አጥቶ ያውቃል፣ ሬሳው ሳይነሳ ገዳይ አደረጋት። ልጆቿን ለጎረቤት ጥላ ፖሊስ ጣቢያ ገባች።

ኢንስፔክተር ኢዲል ጠየቀቻት። ከዚያው አብሽ ልጆቿም ጠጥተዋል፤ ደህና ናቸው። አኒስን ከሽማግሌው ጎን ትታ ነው የወጣችው። በኋላ ግድግዳው ሲመታ ሰምታለች።

«ወላሂ፣ አኒስ ምስማር የሚመታ መስሎኝ ነው» አለች።

ክሊኒኩ ትኩሳቱ በየግማሽ ሰዓቱ እንዲለካ፣ ሠላሳ ዘጠኝ ከገባ ቶሎ እንዲመጣ አዝዞ ነበር። አኒስ ትኩሳቱ የተጻፈበትን ደብተር አወጣ። ከጎኑ አልተነሳሁም፣ ሠላሳ ዘጠኝም አልገባም አለ።

ኢዲል አነበበች። 38.7፣ 38.8፣ 38.9፣ 38.10፣ 38.11፣ 38.12።

ሁለቴ አነበበችው። የሟቹን ቴርሞሜትርና አንድ ብርጭቆ ሙቅ ውኃ አስመጣች፤ ነክረህ ጮክ ብለህ አንብብ አለችው።

«38.8… 38.9…» አለ አኒስ። ቀጥሎ መሣሪያው 39.0 አሳየ።

«38.10 ያሳየህ የትኛው ነው?» አለችው።

«ከዘጠኝ ቀጥሎ አሥር አይደል?»

«38.9 ላይ 0.1 ስትጨምር 39 ይሞላል። 38.10 ማለት 38.1 ነው። ሰውየው ሲነድ አንተ በረደለት ብለህ ጽፈሃል።»

አንዴም አልለካውም። ሠላሳ ዘጠኝን ፈርቶ፣ ሬሳው አጠገብ ቁጭ ብሎ ከራሱ ነው የሞላው። ከዚያ በኋላ መካድ አልቻለም። ወልደማርያም ሰኞ ውልና ማስረጃ ሄዶ የጓሮውን ክፍሎች ለካልቱን ሊሰጥ ነበር፤ ሦስት ዓመት ያስታመመችኝ እሷ ናት ብሎ። አኒስ ይህን ሰምቶ በሩን ከውጭ ቆለፈና መጋላ ሰፈር ጫት ቤት እስከ እኩለ ቀን ተቀመጠ።

ካልቱን ተፈታች። የጣቢያው በር ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ያ ግድግዳ ሲመታ የነበረው…» አለች።

ኢዲል የተላጡትን አንጓዎች አስታወሰች። መዋሸት ፈለገች፣ አልሆነላትም።

«አዎ። እሱ ነበር።»

ካልቱን እዚያው አፈሩ ላይ ተቀመጠች።