በማዶው ዲሽ የሰማሁት ትንፋሽ

የሞተ ሰው ድምፅ ሰማሁ የሚለኝን ሁሉ «ጸልይ፣ ጆሮህንም ታጠብ» እያልሁ የምሸኝ ሰው ነበርሁ፤ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያረጀሁ ነኝና፣ ወዳጄ፣ ነፍስ ከሥጋ ስትለይ ወደ ፈጣሪዋ እንጂ ቡታጅራ ገበያ አጠገብ ወዳለ አዳራሽ እንደማትመለስ ዛሬም አምናለሁ፣ ነገር ግን የሆነውን እንደሆነ ልንገርህ።

አዳራሹ ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር፤ ዘይነባ የምትባል የፊዚክስ መምህርት ከሰዉ ጋር መክራ የሳይንስ ቤት አደረገችው። ሁለት አሮጌ የቴሌቪዥን ዲሾች ከግድግዳ ግድግዳ ፊት ለፊት አቆመች፣ በአንዱ ፊት ያንሾካሾክኸው በማዶው ፊት ለተቀመጠው ከጎኑ እንደተነገረ ይሰማዋል፤ ተአምር አይደለም፣ የድምፅ ጠባይ ነው፣ እርሷው አስረድታኛለች። በስብሰባ የማይናገሩ የመስቃን እናቶች ጀርባቸውን ሰጥተው ሐሳባቸውን በዲሹ ይነግሯት ነበር፣ ቆጮ የሚብላላበት ጉድጓድ በመስታወት ይታይ ያሉት እነርሱ ናቸው፤ እርሷም ሳታቋርጥ፣ በየንግግሩ ማብቂያ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ስባ «እእ» ብቻ ትላለች፣ አገራችን አዎን እንደሚለው።

እኔን የለመነችኝ ባሕረ ሐሳብን፣ የአጽዋማትና የበዓላት ቀን የሚወጣበትን ስሌት፣ በሚዞሩ የእንጨት ክቦች እንድሠራላት ነበር።

«ማንም በጣቱ እያሽከረከረ ሊጫወትበት?» አልኋት።

«ካልነኩት በምን ያውቁታል፣ አባባ መሪጌታ? ወይስ ይዘውት ሊቀበሩ ነው?»

«አንቺ ደግሞ በእኔ ፋሲካ ምን አገባሽ?»

«ፋሲካ መቼ እንደሚውል ካላወቀች እናቴ በርበሬዋን ለማን ትሸጣለች?» ብላ ሳቀች።

እኔም «ነገ» አልሁ፣ ሌላ ጊዜም «ከጾሙ በኋላ»፤ ታመመች ሲሉኝ እንኳ፣ እመነኝ፣ ስትድን እሰጣታለሁ ብዬ ነበር። አልዳነችም።

ከቀብሯ ጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ዘበኛው ሸምሱ በሩን ከፈተልኝ። «ይግቡ መሪጌታ፣ ማንም የለም፣ አላህ ይዘንላትና ከእርሷ ወዲህ ቤቱ ዝም ብሏል» አለኝና ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። ለክቦቹ ያዘጋጀችው ጠረጴዛ ባዶውን ቆሟል፤ ማየቱን ስላልቻልሁ ፊቴን ወደ ዲሹ አዙሬ ተቀመጥሁ። መጀመሪያ የወንበር ሲጥሲጥታ ሰማሁ፣ ጣሪያው ሙቀት ነክቶት ነው አልሁ፤ ቀጥሎ የጨርቅ መተሻሸት፣ ርግብ ገብታ ይሆናል አልሁ። ያን ጊዜ፣ ምን እንደገፋኝ አላውቅም፣ «ዓመተ ዓለሙን በዐሥራ ዘጠኝ ትገድፊዋለሽ» ብዬ ባሕረ ሐሳቡን ማስተማር ጀመርሁ።

«እእ» አለ ጆሮዬ ሥር፣ ወደ ውስጥ እንደሚሳብ ትንፋሽ።

ዘወር ብዬ አየሁ፣ የማዶው ወንበር ባዶ ነው። ልነሣ ፈለግሁ፣ ግን ደግሞ ለዚህች ልጅ ስንት ጊዜ ጀርባዬን እሰጣለሁ ብዬ ተመለስሁና መደቡን፣ አበቅቴውን፣ መጥቅዑን፣ የስሌቱን ደረጃ ሁሉ ሳላስቀር ነገርኋት፣ ከየአንዳንዱም በኋላ ያ ትንፋሽ መጣ፤ አንድ ቁጥር ስሳሳት ብቻ፣ እስካርመው ድረስ፣ ዝም አለ።

ሲያልቅ «ልጄ፣ ስላዘገየሁብሽ ይቅር ብለሽኛል?» አልሁ።

ጠበቅሁ። ሸምሱ ገብቶ «መሪጌታ፣ ከማን ጋር ነው የሚያወሩት?» እስኪለኝ ድረስ ጠበቅሁ፣ ምንም አልመጣም።

ክቦቹን ሠርቼ አስገብቻለሁ፣ ሰዉም ያሽከረክራቸዋል። እኔ ግን በዚያ ዲሽ ፊት ዳግመኛ አልተቀመጥሁም፤ ትንፋሹን ፈርቼ አይደለም፣ ዝምታውን ሁለተኛ መስማት አልችልም።