የሃሊማ ስም ያለበት ገጽ

የማታውቀው ሰው ደጅህ ቆሞ «ማንን ትመርጣለህ?» ቢልህ፣ ማዳበሪያህን የሚያድለው ሰው ደግሞ አጥርህ ሥር ሆኖ ቢያዳምጥ፣ እውነቱን ትናገራለህ?

ቤዛ ሦስት መቶ ገበሬዎችን ጠይቃለች። አሁን መልሳቸውን በቦርሳዋ ይዛ ወልቂጤ መናኸሪያ አጠገብ ካለ ምግብ ቤት ተቀምጣለች። ጀርባዋን ለግድግዳው፣ ፊቷን ለበሩ ሰጥታለች።

ቤዛ እውነተኛ ስሟ አይደለም። የምስጢር ስሟ «ዝግባ» ነው። የላካት ሸምሶ ነው፤ ከወልቂጤ እስከ ቡታጅራ ያሉ ገበሬዎች ለሚገኙበት የኅብረት ሥራ ዩኒየን ፕሬዚዳንትነት የሚወዳደር፣ ሁሉም አስቀድሞ ተሸናፊ ያደረገው ሰው። ነባሩ ፕሬዚዳንት የአባላቱን ሐሳብ የሚያጠና ድርጅት ከአዲስ አበባ ሲያስመጣ፣ እሷ ጠያቂ ሆና ተቀጠረች።

ቦርሳዋ ውስጥ ሁለት ነገር አለ። አንዱ ደብተር ነው፤ የሦስት መቶ ሰው ስምና በአፉ የሰጠው መልስ። ድርጅቱ ስሞቹን ለማንም ላይሰጥ ፈርሟል። በደብተሩ ሸምሶን ያሉት ሃምሳ ሰባት ብቻ ናቸው።

ሌላው የጨርቅ ከረጢት ነው። እሱን ድርጅቱም አያውቀውም። ጠይቃ ስትጨርስ ከአጥሩ ርቃ ቤት ውስጥ ትገባና ፊቷን ታዞራለች፤ ተጠያቂው ለነባሩ ባቄላ፣ ለሸምሶ ሽምብራ ይጨምራል። ትናንት ስትቆጥር መቶ ስልሳ አንድ ሽምብራ ወጣ።

አፍና እጅ ተለያዩ። «ገበሬው ገና አልነቃም» የሚሉ አዋቂዎች አይጠፉም። ውሸታቸውን ነው። ገበሬው ማዳበሪያው በማን እጅ እንዳለ ጠንቅቆ ያውቃል።

ይታገሱ ገባ። የሸምሶ የምርጫ አስተባባሪ፣ የእሷ አለቃ። የምስጢር ስሙ «መምህር»።

«ከጥያ የመጣው መኪና ደረሰ?»

«ጎማ ፈንድቶበት ቆሟል።»

የይለፍ ቃሉ ልክ ነው። ተቀመጠ።

«እሺ የኔ እህት፣ ስንት ሆንን?»

«እጅ በማውጣት ከተመረጠ ተሸንፈናል። በሳጥን ከሆነ አሸንፈናል። ሌላ መንገድ የለንም። ሸምሶ ሳጥን ይጠይቅ።»

«ግሩም።» ከቦርሳዋ ብቅ ያደረገችውን ከረጢት ዞር ብሎም አላየው። «ደብተሩን አምጪው።»

«ምን ያደርግልሃል?»

«የደፈሩትን እናመስግናቸው እንጂ። እነ ሃሊማን። ያቺ የእንሴኖ ሴትዮ ምላሷ እሳት ነው አሉ።»

ዝግባ ፈገግ አለች።

የሃሊማን ስም ለማንም አልነገረችም።

ሃሊማ ደጇ ላይ ቆማ «ሸምሶ ብለሽ ጻፊ። አጥሩ ሥር ያለውም ይስማ፣ ጆሮው ደህና ነው» ስትል የሰማ ሌላ ሰው አንድ ብቻ ነበር። ራምዚ። የዩኒየኑ ማዳበሪያ አዳይ፣ የነባሩ ፕሬዚዳንት ሰው፣ መንገድ መሪ ተብሎ ከኋላዋ የማይጠፋው። የሦስት መቶ ሰው መልስ ግን በቃል አይያዝም፤ ደብተሩን ይፈልጋል።

ይታገሱ ከድቷል። ደብተሩ ራምዚ እጅ ከገባ ሃምሳ ሰባት ቤተሰብ ዘንድሮ ያለ ማዳበሪያ ሊቀር ነው።

በመስኮቱ አየች። ራምዚ ሞተር ሳይክሉን በሩ ላይ አቁሟል።

«እጄን ልታጠብ።»

«ቦርሳሽን ተይው።»

«ሴት ልጅ ቦርሳዋን ትታ የት ትሄዳለች? አይ መምህር፣ ሳታገባ መቅረትህ አይገርመኝም።»

ሳቀ። ሳቁ አራት እርምጃ ሰጣት።

ወደ መታጠቢያው አልታጠፈችም። ወጥ ቤት ገባች። ጎመን የተጣደበት ምድጃ ይነዳል። ደብተሩን ከድስቱ ሥር ከተተችው።

«ምን ሆነሻል አንቺ?» አለች ወጥ ሠሪዋ።

«ማገዶ አጠረን ስትሉ ሰምቼ።»

በሩ ተበረገደ።

ይታገሱ እጁን እሳቱ ውስጥ ሰደደ። ጮኸ። ይዞት የወጣው አመድ ነበር። ዝግባ በጓሮ በር ወጥታ ወደ ቡታጅራ የሚጭን ሚኒባስ ውስጥ ገብታለች።

ከሰዓት በኋላ ሸምሶ ከረጢቱን በእጁ መዘነ።

«የጠየቅሻቸው ሰዎች ስም ከደብተሩ ጋር ከተቃጠለ ይህን ቁጥር ማን ያምነኛል?»

«ማንም። አንተ ግን አወቅህ። ሳጥን ጠይቅ። እኔን ግን የትም እንዳታነሳ፤ ሰላይ እንደነበረህ ከታወቀ ምርጫው ይፈርሳል።»

በሳምንቱ ዩኒየኑ ማስታወቂያ ለጠፈ። ቤዛ የተባለች ጠያቂ የአባላቱን ስም ሰርቃ ጠፍታለች።

ጉባኤው ቡታጅራ ስታዲየም ተደረገ። ሸምሶ ሳጥን ጠየቀ፤ አባላቱ ተነስተው ሳጥኑ ካልመጣ አንቀመጥም አሉ። መጣ። ሸምሶ አሸነፈ።

ዝግባ ሻርፗን እስከ ግንባሯ ስባ፣ ከስታዲየሙ አጥር ውጭ የአዲስ አበባ መኪና ትጠብቃለች። ድምፅ ማጉያው ተንጫረረ።

«አሰላሙ አለይኩም። ሃሊማ ነኝ፣ ከእንሴኖ። ሸምሶ፣ መርጬሃለሁ። ደጄም ላይ ብዬዋለሁ። ግን ቤቴ ገብታ ቆሎዬን የበላች ልጅ ስማችንን ይዛ ጠፋች። ያንተ ሰው ናት የሚሉ አሉ።»

የአዲስ አበባው መኪና መጥቶ ዝግባ አጠገብ ቆመ።

«ግቢ እንጂ እህቴ፣ ሞልቷል» አላት ረዳቱ።

ገባች። መኪናው ተንቀሳቀሰ። ድምፁ በመስኮቱ ተከተላት።

«ዝም አትበለኝ፣ ሸምሶ። ስማችን የት ደረሰ? ማንስ ነው የፈለገው? እዚሁ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ መልስልኝ።»