ጋሽ ሃብቶም የሰሟት እቴጌ

እኔ መንፈስ ምናምን ሲባል ከሚስቁት ወገን ነኝ፣ ጓደኞቼ ተሰብስበው እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀምሩ ተነስቼ የቴሌቪዥኑን ድምፅ የምጨምረው እኔ ነኝ፣ ስለዚህ ላስፈራራችሁ የመጣሁ እንዳይመስላችሁ፣ ለሰው ካልተናገርኩት አላሳርፍ ብሎኝ ነው።

ዴንቨር አጠገብ እንግልውድ ውስጥ አረጋውያን እየተንከባከብኩ ነው የምተዳደረው፣ በትርፍ ጊዜዬ ልብ ወለድ እጽፋለሁ። ስለ ማን ብትሉኝ፣ ከመቶ ምናምን ዓመት በፊት ቻይናን ስለገዛች እቴጌ። ሕፃን ንጉሥ ዙፋን ላይ አስቀምጣ፣ እሷ ከኋላው በሐር መጋረጃ ተከልላ የምታዝ ሴት፣ አስቡት እስቲ፣ ሹማምንቱ ፊቷን ሳያዩ ነው የሚንቀጠቀጡላት! የጻፍኩትን የማነበው ለጋሽ ሃብቶም ነው። አስመራ ተወልደው በአማርኛ የተማሩ፣ ዴንቨር ውስጥ ስንት ዘመን ታክሲ የነዱ ሽማግሌ ናቸው፣ ስኳር ዓይናቸውን ከወሰደው ወዲህ ፒዮሪያ ስትሪት ላይ ባለች አፓርታማቸው ብቻቸውን ይኖራሉ። አማርኛዬን ሲያርሙ ምሕረት የላቸውም።

ያን ዕለት እሑድ ከሰዓት ነው፣ ፀሐይ ወጥቶ በረዶው ከጣሪያው እየቀለጠ ይንጠባጠባል። መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ገባሁ፣ ሰላም ተባባልን፣ ገና ላፕቶፔን ስከፍት፣

"እንግዳዋንስ አታስቀምጫትም?" አሉኝ።

"የቷን እንግዳ?"

"አብራሽ የገባችውን ነዋ። በሩ ጋ ቆማለች።"

ዞር አልኩ፣ ማንም የለም። ብቻቸውን ሲውሉ ጊዜ ነው ብዬ፣ "ብቻዬን ነኝ ጋሼ" አልኩና ማንበብ ጀመርኩ።

ምዕራፉ ከባድ ነው። የጠላት ጦር ከተማው ደርሶ፣ እቴጌዋ ከመሸሿ በፊት ያ ሕፃን ንጉሥ አድጎ የሚወዳትን ወጣት ሴት የውኃ ጉድጓድ ውስጥ እንዲጥሏት ታዛለች፣ እኔ እንዲያ አድርጌ ነው የጻፍኩት፣ እውነት እሷ አዛለች ወይ የሚለውን ግን ታሪክ አዋቂዎች ዛሬም ይከራከሩበታል። ትእዛዙ ጋ ስደርስ ጋሽ ሃብቶም እጃቸውን አነሱ።

"ቆይ እስቲ። ምን ዓይነት ጫማ ነው ያደረገችው? እንጨት ነው?"

እመኑኝ፣ የዚያ ቤተ መንግሥት ሴቶች መሃሉ ላይ ከፍ ያለ የእንጨት ተረከዝ ያለው ጫማ ያደርጉ ነበር፣ ሥዕል ላይ አይቼዋለሁ፣ ግን አልጻፍኩትም፣ ለማንም አልተናገርኩም።

ማንበቤን ሳቆም እኔም ሰማሁ። አሁን በሩ ጋ አይደለም፣ ከመስኮቱ መጋረጃ በኩል ነው፣ ቀስ ያለ ቋ... ቋ...፣ ከዚያ ረጅም ጥፍር እንጨት ሲነካ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ። የበረዶው ጠብታ ነው አልኩ ለራሴ፣ ጠብታ ግን እየተራመደ አይመጣም እኮ! መጋረጃው ወደ ውስጥ ትንሽ ነፋ አለና እንደተነፋ ቀረ፣ መስኮቱ ግን ዝግ ነው። ልግለጠው ብዬ ተነሳሁና መልሼ ተቀመጥኩ።

"ተቆጥታለች" አሉ ጋሽ ሃብቶም፣ የፈሩም አይመስሉ፣ እንዲያውም ሰው ስለመጣላቸው ደስ ያላቸው ነው የሚመስሉት። "አላዘዝኩም ነው የምትለው።"

"በምን ቋንቋ ጋሼ?"

"እሱን አላስተዋልኩም ልጄ።"

ላፕቶፔን አቅፌ፣ ጃኬቴን እዚያው ትቼ ወጣሁ። ቤቴ ገብቼ ትእዛዙን ዲሊት አደረግኩት፣ ከዚያ አፈርኩ፣ ማንን ፈርቼ ነው ብዬ መልሼ ጻፍኩት፣ ደግሞ አጠፋሁት፣ ቁጭ ብል አልቻልኩም፣ ብነሳም አልቻልኩም። በሚቀጥለው እሑድ ቀረሁ። ማግሥቱን ደወሉልኝ።

"ምነው ቀረሽ?"

"ሥራ በዝቶብኝ ነው ጋሼ።"

"እሷ መጥታ ነበር። ብትጠብቅሽ ስትቀሪባት፣ ቤቷ የት ነው አለችኝ።"

"እና ምን አሏት?"

"ምን እላለሁ? ለእንግዳ ይዋሻል እንዴ? ነገርኳት።"

አሁን ያለሁት ፓርክ ሂል እህቴ ቤት ነው፣ ማሞቂያዬ ተበላሽቷል ብያት። ምዕራፉን ምን እንደማደርገው አልወሰንኩም፣ ትእዛዙ እንደጠፋ ቢቀር የፈራሁ እየመሰለኝ፣ ብመልሰው ደግሞ የዋሸሁ እየመሰለኝ። ዛሬ ጠዋት ጋሽ ሃብቶም ደውለው ነበር፣ አላነሳሁም። ቮይስ ሜይል ትተዋል፣ ረጅም ነው፣ እሳቸው ደግሞ ስልክ ላይ ሁለት ቃል ተናግረው የሚዘጉ ሰው ናቸው። እስካሁን አልከፈትኩትም።